የጓሮ በሩ ሳል

በጃግቢር ቤት፣ ከሽማግሌው በፊት ሳላቸው ነው የሚገባው። ከከብቶቹ በረት መጥተው የጓሮውን በር ከመግፋታቸው በፊት ሁለት ጊዜ «እህ፣ እህ» ይላሉ። ያኔ ምራታቸው ሱማን የያዘችውን ታስቀምጥና የራስ ልብሷን ፊቷ ላይ ትጥላለች። የዚያ የሰሜን ሕንድ መንደር ወግ ነው። ምራት ለባሏ አባት ፊቷን አታሳይም፣ ድምጿንም አታሰማም። ደግ አማትም በድንገት አይገባባትም፤ ያስላል።

ሱማን ግን ለዚያ ሳል ሌላ ሥራ ሰጥታው ነበር። ዘወትር ከሰዓት በኋላ በቤት ውስጥ ለውድድር በአየር ሽጉጥ ዒላማ ትመታለች። የውድድሩ ርቀት አሥር ሜትር ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ አሥር ሜትር የሚገኘው ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ ነው። የስንዴው ክፍል ጥግ ቆማ፣ በክፍሉ በር አሳልፋ፣ መተላለፊያውን አቋርጣ፣ በጓዳው በር እስከ ጓዳው ግድግዳ ትተኩሳለች። ግድግዳው ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ የታጨቀበት የእንጨት ሳጥን አለ፤ ወረቀቷን እሱ ላይ ትለጥፋለች። መተላለፊያው ከጓሮው በር ወደ ግቢው የሚያወጣ ነው። በግቢው በኩል የባሏ እናት ቢርማቲ ጎመን እየቀነጠሱ ይቀመጣሉ፤ ዶሮ እንኳ አያሳልፉም። በጓሮው በኩል የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ያስላሉ። ሳሉ ሲሰማ ሽጉጡ ይቀመጣል። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ።

አሁን የቀራት አምስት ቀን ነበር። በሮታክ ከተማ የክልሉ ቡድን ምርጫ ይደረጋል። ጋብቻው ሲነገር የሱማን አባት አንድ ነገር ብቻ ለምነው ነበር፤ ልጅቷ አንድ ምርጫ እንድትሞክር። ካለፈች ትቀጥላለች፤ ካላለፈች ሽጉጡ ወደተዋሰችበት ማሠልጠኛ ይመለሳል፣ እሷም ወደሚታለቡት ጎሾችና ወደ ቂጣው። ጃግቢር አንድ ጣታቸውን አንስተው «አንድ ጊዜ» ብለዋል። ባሏ ኩልዲፕ ወታደር ነው፤ ከድንበር ሆኖ በስልክ «በርቺ» ከማለት በቀር ምንም ሊያደርግላት አይችልም።

በዚያን ዕለት ሠላሳ ያህል ተኩሳ እጇ ገና መርጋት ጀምሮላት ነበር። ከአተር ያነሰችውን የእርሳስ ጥይት አጎረሰች። ሰው አትገድልም፤ ዓይን ግን ታፈሳለች። ክንዷን ዘርግታ አነሳች፣ ትንፋሿን ግማሽ ለቀቀች፣ ቀስ ብላ አወረደች። ተኳሽ ሲያነጣጥር ዒላማውን አያይም። ዓይኑ የሚይዘው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ጥቁር ጉጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። ጉጧ ጠርታ ታየቻት። ጣቷ ቃታውን መጫን ጀመረ።

በጭጋጉ ውስጥ ነጭ ነገር አለፈ።

ጣቷን ልትመልሰው አልቻለችም። ክንዷ ብቻ ወደ ላይ ፈነጠረ። ጥይቷ ጠሽ ብላ ወጣች፤ ከወዲያ በኩል እንጨት ሲሰነጠቅ ተሰማ።

ጃግቢር መተላለፊያው መካከል ቆመዋል። ከጥምጥማቸው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የጓዳው በር ጉበን ተፈልጧል። የኖራ ብናኝ በጥምጥማቸውና በነጭ ጢማቸው ላይ ይረግፋል።

የሱማን እጆች የለመዱትን ሠሩ። ሽጉጡን አስቀመጡ፣ ጀርባውን ከፍተው ባዶነቱን አረጋገጡ፣ የራስ ልብሷን ፊቷ ላይ ጣሉ። በጨርቁ ሥር የሚታያት ወለሉ ብቻ ነበር። ወለሉ ላይ የሽማግሌው ሁለት እግሮች ነበሩ፤ ባዶ። ጫማቸው በእጃቸው ተንጠልጥሏል።

ክው አለች። ሽማግሌው ማሳል ረስተው አልነበረም። ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት።

ጫማው ከእጃቸው ወደቀ። ሽማግሌው ወደ ስንዴው ክፍል ገቡ፣ ሽጉጡን በመያዣ ጨርቁ ጠቀለሉ፣ ጥግ ያለው ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከትተው ቆለፉ። ቁልፉን ወገባቸው ላይ አሰሩና በመጡበት በር፣ በባዶ እግራቸው ወጡ።

ቢርማቲ ጎመናቸውን በቀሚሳቸው እንደያዙ ሮጠው ገቡ። ጉበኑን አዩ፣ ሱማንን አዩ፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጫማ አዩ።

«አላሳሉም እንዴ?»

ሱማን «አላሳሉም» ብትል ሽማግሌውን መክሰሷ ነው። ደግሞም ሌላ ነገር አፏን ይዞታል። አሠልጣኟ በመጀመሪያው ቀን ያለቻት አልተረሳትም፤ «ለወጣች ጥይት ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ሰው ገባብኝ፣ ንፋስ ነፈሰብኝ የሚባል ነገር የለም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ» አለች።

«የማንንም ጥፋት የምትጫኚ አህያ ነሽ እንዴ?» አሉ ቢርማቲ። ጫማውን አንስተው ወጡ።

ጃግቢር ግቢው ውስጥ የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የትንባሆ ጋያቸውን ይስባሉ። ሱማን ከማድቤቱ ግድግዳ ጀርባ ሊጥ እየለወሰች ትሰማለች። ቢርማቲ አሬራውን ከፊታቸው አስቀመጡና ጫማውን ከጎኑ አኖሩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ መተላለፊያው ላይ ምን ይሠራል?»

«ወደቀ።»

«ከእግርህ ላይ ወደቀ?»

የጋያው ውሃ ተንተከተከ።

«አርባ ዓመት እዚህ ቤት ኖርኩ» አሉ ቢርማቲ። «ሳልህን ጎሿ እንኳ ታውቀዋለች፤ ስትሰማው ጆሮዋን ቀጥ ታደርጋለች። ዛሬ ጆሮዋ እንደተኛ ነው የዋለው።»

«የገዛ ቤቴ ነው።»

«የሰው ቤት ነው ያለህ ማነው?»

«ጎረቤታችን ራምፋል በሰው ፊት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አሉ ጃግቢር። «‹ጃግቢር በራሱ ደጅ እንደ ለማኝ እያሳለ ፈቃድ ይጠይቃል። እቤቱ ያለው የልጅ መጫወቻ ነው፣ እሱ መድፍ መስሎታል› አለ። ሁሉም ሳቁ። መጫወቻ ከሆነ ልየው ብዬ ነው።»

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንግዲያው ቁልፉን ስጣት። አምስት ቀን ነው የቀራት።»

«አልሰጥም። ዛሬ ጉበን ነው፣ ነገ ዓይን ነው። ነገ የኩልዲፕ እህት ልጇን ይዛ ትመጣ ይሆናል። ሕፃን ያስላል?»

የሱማን እጅ ሊጡ ውስጥ ቆመ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያላሰበችው ነገር ነው። የሰውን ዓይን በአንድ ሰው ሳል አስይዛ ስትተኩስ ከርማለች። ሽማግሌው በመግባታቸው ቢያጠፉም አሁን የተናገሩት እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ከቁጣቸው በላይ አስፈራት። ቁልፉን ለምና ብታገኘው እንኳ፣ ጉጧን ባየች ቁጥር ጭጋጉን እየፈራች እጇ እንደማይረጋ አወቀች።

እጇን ታጥባ፣ ፊቷን ሸፍና ወደ ግቢው ወጣች። በቢርማቲ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። ምራት ለባሏ አባት ነገር የምታደርሰው እንዲህ ነው፤ ምንም እንኳ በመካከላቸው ሦስት ክንድ ብቻ ቢኖርና ሁሉም ነገር ቢሰማም።

«ቁልፉን ስጡኝ አልልም ትላለች» አሉ ቢርማቲ።

ጃግቢር የጋያውን መሳቢያ ከአፋቸው አወጡ።

«ሳልን አምኜ መተኮሴ የኔ ጥፋት ነው ትላለች። ሽጉጡ የሚመለስ ከሆነ፣ በምትተኩስበት ሰዓት የጓሮው በር ከውስጥ ይቀርቀር ትላለች።»

«በማን ላይ?»

«በሚመጣው ሁሉ ላይ።»

«በኔ ላይ?» ጃግቢር ድምፃቸውን አላነሱም። «ያን በር አባቴ ነው የሰቀለው። መቀርቀሪያ እንኳ የለውም። እኔ በራሴ ደጅ ልቁም?»

«እኔ አፍ ብቻ ነኝ» አሉ ቢርማቲ።

ሱማን እንደገና አንሾካሾከች። ቢርማቲ ወደ ተሸፈነው ፊት ዞረው «ይህንንስ ልበልልሽ? ቃል ከወጣ አይመለስም» አሏት። ሱማን ራሷን ነቀነቀች።

«በሩ የማይቀረቀር ከሆነ ሽጉጡ እዚያው ይቅር ትላለች። ሮታክም አልሄድም ትላለች።»

ጃግቢር የጋያውን ፍም ደፉት። ተነስተው ጫማቸውን ተጫሙና ወደ በረቱ ሄዱ።

በማግስቱ ምንም አልተባለም። በሦስተኛውም ቀን ምንም አልተባለም። ሱማን አሸዋ የተሞላ የወተት ጣሳ በቀኝ እጇ ዘርግታ ይዛ እስከ ስልሳ ትቆጥራለች፤ ክንዷ እንዳይረሳ። ሲደክማት ጣሳውን አስቀምጣ ጉበኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ታያለች። ኩልዲፕ ደወለ። «ሁሉ ሰላም?» ሲላት «ሰላም» አለችው። የገዛ አፏ በሩን የዘጋባት መሰላት። ዝም ብትል ኖሮ፣ ቢርማቲ በሁለት ቀን ንዝንዝ ቁልፉን ያስጥሉላት ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጓሮው በር በኩል የመዶሻ ድምፅ መጣ። ከዚያ በፊት ግን «እህ፣ እህ» የሚል ተሰምቶ ነበር፤ ሱማን ተሸፍናለች። ቢርማቲ አንገታቸውን አስግገው አዩና ተመለሱ።

«ምንድን ነው፣ እማማ?»

«የከብቶቹን በረት ወፍራም የመቀርቀሪያ ብረት ነቅሎ አምጥቷል። ምስማሩን በጥርሱ ይዟል።»

መዶሻው ቆመ። ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ተሰማ፤ አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ። ከዚያ የሽማግሌው እግር መጣ፤ ዛሬ ጫማ አለበት። የስንዴው ማስቀመጫ ላይ የሳጥኑን ቁልፍ አኖሩ። ሱማን ከጨርቁ ሥር እጃቸውን ብቻ አየች። አውራ ጣታቸው በመዶሻ ተመትቶ ጠቁሯል።

«የሚቀረቅረው ሰው ይኑር» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ ወጡም።

ቢርማቲ መቀርቀሪያውን ገፉና ጀርባቸውን ለበሩ፣ ፊታቸውን ለግቢው መግቢያ ሰጥተው ተቀመጡ። ሱማን ሳጥኑን ከፍታ ሽጉጡን አወጣች፣ ወረቀቷን ለጠፈች፣ ቦታዋን ያዘች፣ ክንዷን አነሳች። ሦስት ቀን ሽጉጥ ባልያዘው እጇ ላይ ጉጧ ወዲያ ወዲህ አለች። አወረደችው። እንደገና አነሳች።

«እህ፣ እህ» አለ ከውጭ።

ሽጉጡ ሳታስበው ተቀመጠ፤ እጇ ወደ ራስ ልብሷ ሄደ።

«ተዪው» አሉ ቢርማቲ። «ተቀርቅሯል። እዚያው ያስል።»

ከበሩ ውጭ የሌላ ሰው ድምፅ መጣ፤ የራምፋል ነበር። «ምነው ጃግቢር፣ ከቤት አስወጡህ?»

«ውስጥ ሥራ እየተሠራ ነው።»

«በዚያች መጫወቻ? እስቲ ከፈት አድርግና እኔም ልየው።»

በሩ ተነቃነቀ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ብረቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ጫማህን ብታወልቅም አይከፈትም» አሉ ጃግቢር። «ና፣ እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጥ። ስትጨርስ ይከፍቱልናል።»

ቢርማቲ አፋቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ያዙ፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚስቀው።

ሱማን ጠበቀች። ከውጭ የገመድ አልጋ ሲንቋቋ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ሰማች። ከዚያ ክንዷን አነሳች፣ ትንፋሿን ግማሽ ለቀቀች፣ ቀስ ብላ አወረደች። ጥቁሯ ጉጥ ጠርታ መጣች። ከወዲያዋ ጭጋግ ነበር፤ በጭጋጉ ውስጥ የሚያልፍ አልነበረም። ቃታውን ሳበች።