ውሃሽንም፣ ልጅሽንም

የለተንሳኤ ጓዳ ግድግዳ ክረምት በገባ ቁጥር ያለቅሳል። ቤቱ የድሮ ነው፣ ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፤ ባሏ ሃይላይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቶላት የሄደው እሱን ብቻ ነው። በየዓመቱ ግድግዳው ስር ጨርቅ እየጎዘጎዘች፣ የተጠራቀመውን ውሃ በባልዲ እየደፋች ትከርምና መስከረም ሲጠባ እፎይ ትላለች። ለምዳዋለች። ዘንድሮ ግን አንድያ ልጇ ፍሬወይኒ አርግዛለች። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ደግሞ ሐኪም ቤትም ቢወለድ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። የአራሷ ክፍል ያ ጓዳ ነው፣ ሌላ የላትም።

ይሄ ሲያስጨንቃት የልጇ አማት ኣርሴማ፣ ከኋላ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ከቅዳሴ መልስ ለሴቶቹ አንድ ነገር ጣል አደረገች አሉ። የለተ ግድግዳ እንባው አይደርቅም፣ የልጄ ልጅ እዚያ ተኝቶ ብርድ አይመታውም አለች። ኣርሴማ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ወሬው ለተ ጆሮ ደርሷል።

በነጋታው ሸረፈዲንን አስጠራችው። ሸረፈዲን የወሎ ሰው ነው፣ መቐለ ውስጥ ቆፍሮ የሚያድር፤ ሲቆፍር አፉም አያርፍም። ቤቱን ዞሮ አየና ነገሩን ዘረዘረላት። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ስላለ የመንገዱ ውሃ በበሩ ገብቶ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ጓዳው ስር ያለው የቆስጣ መደብ ደግሞ አፈሩ ከመሠረቱ አልፎ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ውሃውን ይጠጣና ወደ ውስጥ ይተፋዋል። ጣሪያውም ባዶውን ነው።

"ኣደይ ለተ፣ ለእርስዎ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት አሸንዳ ነው" አላት።

ለተ ወገቧን ይዛ አየችው። "በዚህ ጉልበቴ? ኣሸንዳ እኮ ልጃገረዶች ነሐሴ ላይ የሚጨፍሩት ነው። ከበሮውን አንተ ልትመታልኝ ነው?"

"ወላሂ የጣሪያውን ነው ያልኩት፣ የቆርቆሮውን፣ ውሃ የሚወርድበትን" አለና ሳቀ። እሷም ልትስቅ ፈልጋ ደከማት።

አሸንዳው ተሰቀለ። ቀጥሎ መደቡ ነበር። ያንን አፈር ለተ ራሷ ናት በሳፋ እየተሸከመች ያመጣችው፣ መንገድ ተዘግቶ ገበያው ባዶ የሆነ ጊዜ። ያ ቆስጣ ነው ያቆያት። እሷን ብቻም አይደለም፤ ኣርሴማም በአጥሩ ላይ እጇን እየዘረጋች ስትቀበል የከረመችው ከዚያው ነው። አሁን ሸረፈዲን አካፋውን ሲያሳርፍበት ለተ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አየችው። እንባዋ መጥቶ ነበር፣ እሱንም ማልቀስ ደከማት። አብልቶናል፣ ይበቃዋል፣ ውሰደው አለችው።

መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ ዝቅ እንዲል ተደለደለ፣ ቦይ ተቆፈረ፣ ጠጠር ገባበት። ሸረፈዲን እየፎከረ አንድ ጀሪካን ውሃ ደፋበት። ውሃው ደህና አድርጎ ሄደ፣ ሄደ፣ የኣርሴማ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ያሰበ መሰለ፣ ከዚያ እየሰፋ ተመልሶ መጣ። ሸረፈዲን ያን ጊዜ ነው አፉ የተዘጋው። የግቢው ዝቅታ ወደዚያ ነው፣ ሌላ መውጫ የለም፤ ትልቁ የሰፈር ቦይ ያለው ከኣርሴማ ግቢ በታች ነው። አጥሩ ካልተበሳ ያ ሁሉ ልፋት ውሃ ሊጠራቀምበት ነው።

ለተ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። አጥሩ አንድ ይሁን እንጂ የኣርሴማ በር በሌላ መንገድ ነው፣ ዞሮ መውረድ አለ፤ ለእሷ ጉልበት ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። ኣርሴማ ደህና ተቀበለቻት። ስዋ ቀዳችላት፣ ጤናዋን ጠየቀቻት፣ ስለ አንዲት ጎረቤታቸው አዲስ ባልም ትንሽ አሙ። ባልየው ጸጉሩን ቀለም ይቀባል ተባለ። ከዚያ ለተ የመጣችበትን ተናገረች። ኣርሴማ ጽዋዋን አስቀመጠች።

"እቀበላለሁ፣ ሓፍተይ" አለች። "ውሃሽንም፣ ልጅሽንም።"

ለተ ገብቷታል። ፍሬወይኒ የምትታረሰው እዚህ ነው ማለት ነው። ቆስጣውን ልታነሳባት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጠችው። ብትጣላ አጥሩ አይበሳም፤ አጥሩ ካልተበሳ ግድግዳው አይደርቅም፤ ካልደረቀ ልጅቷ ያው እዚያ አትተኛም። በየትም ብትዞር የምትደርሰው ኣርሴማ ቤት ነው። "ይሁን" ብላ ስዋዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ሸረፈዲን መዶሻውን ይዞ ይጠብቃታል። ለውሃ ከሆነ የጭብጥ ያህል ቀዳዳ ይበቃል አለ። ለተ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች አጥሩን አየችው። ያንን ቁልቁለት በዝናብ፣ ትኩስ ጋዓት፣ የአራስ ገንፎ፣ ተሸክማ፣ በየማለዳው ስትወርደው ታያት።

"ስለ ስፋቱ ምንም አላለችኝም" አለችው። "እኔን ለካኝ።"

ሐምሌ ላይ ፍሬወይኒ ወንድ ልጅ ወልዳ ኣርሴማ ቤት ገባች። የለተ ጓዳ ጭር ብሏል፤ ያነጠፈችው አልጋ እንደተነጠፈ ነው፣ ጨርቅም አልተጎዘጎዘ፣ ባልዲውም ቦታው ነው። ዝናቡ ሲወርድ ውሃው በአሸንዳው ወደ ቦዩ፣ በቦዩ ወደ አጥሩ፣ በአጥሩ ሽንቁር ወዲያ ሄደ። ተከትላው ለተ፣ የጋዓቱን ሳህን በፎጣ ሸፍና፣ ጎንበስ ብላ ገባች። ወዲያ ማዶ ስትወጣ ወገቧ አልቃና ብሏት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ኣርሴማ በሯ ላይ ወጥታ እሷንም ሽንቁሩንም አየች። "ይሄ ነው ውሃ?"

"ውሃ ነው" አለች ለተ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። "ትንሽ ወፈረ እንጂ።"

ኣርሴማ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገች። ዝናቡ ውስጥ ወጥታ፣ ቆስጣ እንደምትቀበልበት ጊዜ እጇን ዘርግታ ሳህኑን ወሰደችላት።

"ግቢ በቃ፣ ልጁን በረደው፣ በር ከፍቼ አታቁሚኝ።"

እገባለሁ፣ ጉልበቴ ይምጣ አለች ለተ። ፍሬወይኒ ከውስጥ ስትጣራ ሰማች፤ እስክትነሳ ድረስ ግን ጊዜ ወሰደባት።