የእትዬ ሙንተሃ ፔንሲዮን

እናቴ ወርቄ «ሙንተሃ ሰላምታዬን መመለስ ትታለች» ስትለኝ፣ ጣጣው የእኔ መሆኑ አልገባኝም። የሃያ ዓመት ጎረቤታሞች ናቸው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግቢያቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው።

በ2005 ዓ.ም. ለእትዬ ሙንተሃ ፔንሲዮን ድረ ገጽ የሠራሁት በነፃ ነበር፤ ጎረቤት ናቸዋ! የጫንኩት የአንድ ትልቅ የፒያሳ ሆቴል ገጽ ባለበት ሰርቨር፣ ድረ ገጾች በሚቀመጡበት ኮምፒውተር ላይ ነው። አንድ ቀን እትዬ ሙንተሃ ደውለው «ሔኖክዬ፣ ሰው ሲከፍተው ሌላ ቤት ይመጣል ይለኛል» አሉኝ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ገጹ ላይ የግቢያቸው ፎቶ፣ የፓፓያው ዛፍ፣ ሁሉም አለ።

«እኔ ጋ ይከፍታል እኮ!» አልኳቸው። ኩራቴ አይጣል ነው። እሳቸውም ነገሩን ደግመው አላነሡብኝም። በነፃ የሠራ የጎረቤት ልጅ እንዴት ይወቀሳል?

እናቴ የሰላምታውን ነገር ከነገረችኝ በኋላ ወደ ፔንሲዮኑ ሄድኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ስድስቱም የክፍል ቁልፎች ሚስማራቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። በእሳቸው ኮምፒውተር የፔንሲዮኑን አድራሻ ጻፍኩ። የሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ወለል ብሎ መጣ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ስሠራው ለሙከራ ብዬ ላፕቶፔን፣ የፔንሲዮኑ ስም ሲጻፍ ኢንተርኔት ላይ ሳትፈልግ አንተው ውስጥ ያለውን ቅጂ አሳየኝ ብዬ አዝዤው ነበር። ትእዛዙን ማንሳት ረሳሁ። ለሰርቨሩ ደግሞ በዚያ ስም የሚመጣውን ሰው የት እንደሚወስደው አልነገርኩትም፤ ስለዚህ ሁሉንም ቀድሞ ወደተጫነበት ገጽ፣ ወደ ሆቴሉ ይልካል። ሦስት ወር ሙሉ የሴትየዋን እንግዶች ለሰው ሳስረክብ ከርሜያለሁ። አፈርኩ።

ሰርቨሩ ላይ ስሙን ከገጻቸው ጋር ለማያያዝ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ላፕቶፔን ላሳያቸው ስል «ያንተን ተወው» አሉና ዲላ ላለችው እህታቸው ደወሉ።

«እስቲ ክፈቺው። ምን ወጣ?»

ኔትወርኩ ይጎተታል። ጠበቅን።

«ፓፓያሽ!» የሚለው የእህትየው ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

እትዬ ሙንተሃ ስልኩን ዘግተው ተቀመጡ። «ለሆቴሉ የሸጥከኝ መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ሳያዩኝ።

«የነገሩኝ ዕለት መጥቼ ማየት ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ቆይቼም «ለእማዬ ምን ልበላት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ተነሥተው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«አንተ ምንም አትበላት። ያልመለስኩላት ሰላምታ ብዙ ነው፤ እኔው እሄዳለሁ።»