ሚዛን ላይ ያልወጣው

ወረቀቱ ሐምራዊ መሆን ነበረበት። ጠዋት ጠዋት የልጄን ሽንት በትንሽ ኩባያ እቀበልና ቀጭኗን የመመርመሪያ ወረቀት ነክሬ አሥራ አምስት ሰከንድ እቆጥራለሁ። ጠቆር ያለ ሐምራዊ ከሆነ ሰውነቷ በስኳር ፋንታ ስብ እያቃጠለ ነው፤ የሚጥላት በሽታም ይርቃታል። የዚያን ዕለት ግን ወረቀቱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ ቀረ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንደዚያው።

እኔ ወርቅ አንጥረኛ ነኝ። ሩብ ግራም ብትጎድልብኝ ምሳ አልበላም። ሐኪሞቹ ለስድስት ዓመቷ ልጄ፣ የፊት ጥርሶቿ ከረገፉ ወዲህ ወላቃዬ እያልኩ ለምጠራት፣ በስብ ላይ የቆመውን አመጋገብ ሲያዙላት «በግራም መመዘኑ ይከብዳችኋል» ብለውኝ ነበር። በልቤ ሳቅሁባቸው። ከሱቄ አንዱን ሚዛን አምጥቼ ማጀት አስቀመጥኩ። ቅቤዋን፣ እንቁላሏን፣ ክሬሟን፣ ሌላው ቀርቶ የሰላጣ ቅጠሏን እየመዘንኩ በደብተር እጽፋለሁ። ሚስቴ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነች በማለዳ ትወጣለች፤ ማጀቱ የእኔ ግዛት ሆነ። በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጥላት የነበረች ልጅ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ደህና ሰነበተች።

ወረቀቱ ሲፈዝ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «በሁለት ሳምንት ካልተስተካከለ አመጋገቡን እናቆማለን፤ በምትወስዳቸው በሁለቱ መድኃኒቶች ላይ ሦስተኛውን እንጨምራለን» አለኝ። ሦስተኛውን አውቀዋለሁ። አምና ሞክረነው ልጄን አፍዝዞ፣ ስሟ ሲጠራ ዞር እንኳ እንዳትል አድርጓት ነበር። ያ መድኃኒት ቤቴ ዳግመኛ እንዳይገባ የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ጣቴን ቀሰርኩ። የቀሰርኩት አብረውን በሚኖሩት በአማቴ ላይ ነው። ከአመጋገቡ በፊት ከረሜላ ከኪሳቸው አይጠፋም ነበር፤ ለእኔ ይህ በቂ ማስረጃ ሆነ። እሳቸው እያዩኝ ቦርሳቸውን ዘረገፍኩ፣ ትራሳቸውን ገለበጥኩ። ምንም አላገኘሁም። ባለማግኘቴ ይብስ ተናደድኩ፤ አብልተው ጨርሰውታል ማለት ነው አልኩ።

«እማማ፣ ምን ሰጧት?»

«ምንም።»

«ወረቀቱ አይዋሽም።»

«እኔስ እዋሻለሁ?»

ቱግ አልኩ። «ይቺን ልጅ በፍቅርዎ ሊገድሏት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማጀት እንዳይገቡ። ብቻዋንም እንዳይዟት።»

ለታላቅ ሰው የማይባል ነገር ነው። ተናገርኩት። ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና ክፍላቸው ገቡ።

በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ ማንኪያዋ ከእጇ ወደቀ። ዓይኖቿ ወደ ላይ ተሰቀሉ፤ ቀኝ እጇ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷ ይርገፈገፍ ጀመር። ወንበሩን በእግሬ ገፍቼ ወለሉ ላይ በጎኗ አስተኛኋት። ቀና ስል አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ እግራቸውን እንኳ አላስገቡም።

«ይግቡ እንጂ! ሰዓቱን ያንብቡልኝ።»

ገቡ። «አንድ ደቂቃ» አሉ። «ሁለት።» ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። «ሦስት።» ራሷን በመዳፌ ደግፌ ስሟን ጠራሁ፣ እንደማትሰማኝ እያወቅሁ። አምስት ሲሉ ለክፉ ቀን የተሰጠንን መድኃኒት በጉንጯ ውስጥ አንቆረቆርኩ። በሰባተኛው ደቂቃ ለቀቃት። ትንፋሿ እስኪስተካከል እኔም የተነፈስኩ አይመስለኝም።

በዚያው ተሸክሜያት ክሊኒክ ሄድኩ። የምግብ ባለሙያዋ ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው።

«እዚህ ላይ ምንም ስህተት አላየሁም» አለች።

«አላልኩም? አማቴ ናቸው።»

«መድኃኒቶቿን ይዘዋል?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ አንድ እሽግ ክኒን፣ አንድ ጠርሙስ። ጠርሙሱን ገልብጣ ደቃቁን ጽሑፍ በጣቷ ተከተለችው።

«ይሄ ሽሮፕ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንደኛው ክኒን ፋርማሲ ጠፋ። ያው መድኃኒት ነው ብለው ሽሮፑን ሰጡኝ። ዘጠኝ ቀን ሆነው።»

«መድኃኒቱስ ያው ነው። ግን በየአምስት ሚሊው ሦስት ግራም ስኳር አለው። ስንት ይሰጧታል?»

«ሰባት ሚሊ ጠዋት፣ ሰባት ሚሊ ማታ።»

ሒሳቡን እሷ ሳትነግረኝ ጨረስኩት። ስምንት ግራም ከምናምን። በቀን ከምግቧ ሁሉ የተፈቀደላት ስኳር ስምንት ግራም ብቻ ነበር።  መድኃኒት ምግብ አይደለም ብዬ ሚዛን ላይ አላወጣሁትም። ደንበኛ ወርቅ ይዞ ሲመጣ «ሚዛን ክብደቱን እንጂ ውስጡን አይነግርህም» እያልኩ በአሲድ የምፈትን ሰው፣ አንድ ጠርሙስ ገልብጬ አላነበብኩም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ፤ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።

«መድኃኒቱን በጭራሽ እንዳያቋርጡ» አለችኝ። «ክኒኑ እኛ ጋ አለ፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ፈጭተው በክሬሟ ይስጧት። ወረቀቱ በጥቂት ቀን ይመለሳል ብዬ አስባለሁ። አመጋገቡን አናቆምም፤ ሦስተኛ መድኃኒትም አያስፈልግም።»

ደስታዬና ኀፍረቴ ተደበላለቁብኝ። ወላቃዬ ትከሻዬ ላይ እንደተኛች ቤት ስደርስ አማቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቦርሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ወንድ ልጃቸው ቤት ሊሄዱ ተነሥተዋል።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። እማማ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ሽሮፑ ስኳር ነበረው። በገዛ እጄ ስሰጣት ከረምኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

የልጅቷን ጫማ አስተካከሉ። 

«ጣፋጭ መሆኑን አውቄአለሁ» አሉኝ።

«እንዴት?»

«መድኃኒት ሲባል አልጋ ሥር የምትደበቅ ልጅ አፏን ከፍታ ስትጠብቅህ ገረመኝ። ሽሮፑን የምትሰጥበትን ስሪንጅ መታጠቢያው ላይ ረስተኸው ጠብታዋን ቀመስኩ። ማር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለቴ በርህ ድረስ መጣሁ። ጥፋቷን ልትሸፍን ነው ትለኛለህ ብዬ ተመለስኩ።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ፈራሁህ፣ ልጄ። የልጅ ልጄን በሽታ እየጣላት፣ እኔ የፈራሁት አንተን ነበር።»

 ቦርሳውን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልለቀቁትም። በሌላው ክንዳቸው ግን ልጅቷን ከትከሻዬ ተቀበሉኝና፣ በሩን እስክከፍት ቆመው ጠበቁ።