ኩብራት አራተኛ ፎቅ የወጣ ዕለት

"ስኔዢና! በሩ ሊሰበር ነው፤ ክፈቺ እንጂ!" አለች እናቷ ቦንካ ከበረንዳው። እጇ እስከ ክርኗ በተጠበሰ በርበሬ ልጣጭ ተለውሷል።

ስኔዢናም በርበሬ የምትልጥበትን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከፈተች። የቀድሞ አለቃዋ ኩብራት ነበር። አሳንሰሩ ከተበላሸ ስለሰነበተ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

ኩብራት እዚያው ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ ለተራራ ሆቴሎች ቦታ የሚያስይዝ ድርጅት አለው። ሥራው ሁሉ የሚካሄደው በክላውድ ላይ በተከራያቸው፣ በሌላ አገር በሚገኙ ሰርቨሮች ነው። ከሩቅ የሚገባባቸውን በር ያበጀችው ስኔዢና ናት። እያንዳንዱ ሠራተኛ በላፕቶፑ ውስጥ የሚቀመጥ የራሱ ዲጂታል ቁልፍ ነበረው፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ቁልፍ ደግሞ በዚያው ቀን መሰረዝ ነበረበት። ኩብራት ግን ጥንቃቄዋን "የአሮጊት መቀርቀሪያ" እያለ ሲያላግጥበት ኖረ። በፀደይ የእህቱን ልጅ ሉቤንን በወንበሯ አስቀመጠና እሷን በሠራተኛው ሁሉ ፊት "ከእንግዲህ በፈሪ አንመራም" ብሎ አሰናበታት። ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም።

"ሉቤን ላፕቶፑን ቀየረ" አለ ኩብራት እንደ ቆመ። "ቁልፉ አሮጌው ላይ ነበር። ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ሸጦታል።"

"የሌሎቹ ሠራተኞችስ?"

"ይቀላል ብሎ የሁሉንም ሰርዞ ነበር።"

"የእኔንስ?"

ኩብራት ዐይኑን ሰበረ። "ያንቺን ረስቶታል። አሁን የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ሞልቶ ሊቆም ነው፤ ነገ ደግሞ የክረምቱን ቦታ ማስያዝ እንጀምራለን። የሰርቨሩን አከራዮች ብንለምን ማንነታችንን አጣርተው እስኪከፍቱልን ሳምንት ያልፋል። ግቢና ለሉቤን አዲስ ቁልፍ ስጪልኝ።"

ቦንካ ከበረንዳው ብቅ አለች። "ልጄን ያባረሯት እርስዎ ነዎት? ይቀመጡ። ወንበሩ ላይ በርበሬ አለ፤ ያንሱት።" ኩብራት በርበሬውን አንስቶ ተቀመጠ።

ስኔዢና ይህን ቀን በልቧ ስታብሰለስለው ከርማለች። አውቶቡስ ውስጥ ሆና፣ ሰሃን እያጠበች፣ ገብታ ሁሉን ድምጥማጡን ስታጠፋው በሐሳቧ አይታዋለች። እጇን የያዘው የእስር ቤት ፍርሃት ብቻ ነበር። አሁን ሰውየው በገዛ እግሩ መጣላት።

"ያን ቀን በሰው ፊት ያልከኝን እስቲ ድገመው" አለችው።

አንቱታው ከአፏ መውደቁን ኩብራት ሰማ። "እህቴ፣ ያለፈው አለፈ። ስህተት ተፈጠረ።"

"ማን ፈጠረው?"

"እንግዲህ… ስህተት ነው፤ ይፈጠራል።"

ስኔዢና ላፕቶፗን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችና እሱም እንዲያይ ወደ እሱ አዞረችው። በቁልፏ ወደ ሰርቨሩ ገባች። የኩብራት ፊት ፈካ። የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም የሚሰፍርበትን ቦታ ከፈተች፤ የቀረው የእሷ ስም ብቻ ነበር። ሰረዘችው፤ ወጣች።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ። የድርጅትህ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ቁልፌን ሰርዤዋለሁ። ከእንግዲህ እኔም መግባት አልችልም።"

ኩብራት ብድግ ሲል ወንበሩ ተገለበጠ። "አንቺ እባብ! እከስሻለሁ!"

"የባዕድ በር አልከፍትም አለች ብለህ ክሰሰኛ!"

ደረጃውን እየተራገመ ወረደ። ቦንካ የወደቀውን ወንበር አነሳች።

"ልጄ፣ አልበዛም?"

"በዝቷል" አለች ስኔዢና። ድምፅዋ ግን ጸጸት አልነበረበትም።

ብዙ ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። የኩብራት ቁጥር ነበር። ጮኾ ጮኾ ቆመ፤ ወዲያው እንደገና ጀመረ።

"አታነሺው እንደሆነ አጥፊው፤ ጆሮዬን በላው!" አለች ቦንካ።

ስኔዢና ስልኩን በእጇ ያዘች። ሳትመልስ የጥሪውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችውና በርበሬ መላጧን ቀጠለች።