ሳይታበሱበት የረጠበ ፎጣ

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በዳቦ ቤቱና በጎማ ጠጋኙ መሐል ሻወር ቤት አለ። ባለቤትየዋን የሚያውቃቸው ሁሉ «እማማ ፎጣ» ይላቸዋል። ውሃማ የትም ያው ውሃ ነው፤ ሰውን ከሩቅ ሰፈር የሚጠራው ፎጣቸው ነበር። ለስላሳ ነው፣ እንደ ተጠማ ሰው ውሃ ይጠጣል። ደንበኛቸው የሆነው የአውቶቡስ ሾፌር እንኳ ከረጅም መንገድ ሲመለስ ቤቱ ከመግባቱ በፊት እማማ ዘንድ ጎራ ይላል፤ ሚስቱም አትቀየምም፣ «ታጥበህ ና» የምትለው ራሷ ናት።

በዚህ ፎጣ ላይ ግን እማማ ከባድ ነገር ተናግረዋል። ባላቸው ሞተው ቤቱን ብቻቸውን የተረከቡ ዕለት፣ ደንበኛ በተሰበሰበበት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «አንድ ሰው እንኳ ፎጣዬን የተጸየፈ ዕለት ይህን በር እዘጋለሁ። እግዜር ይስማኝ» ብለዋል። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት ደግሞ አይደሉም።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጣላቸው። ጉንፋኑስ ሄደ፤ ሲሄድ ግን ማሽተታቸውን ይዞባቸው ሄደ። ለማንም አልተነፈሱም። ያጠቡትን ፎጣ እንደ ወትሮው አፍንጫቸው ላይ ያስጠጋሉ፣ ምንም አይሸታቸውም፣ ልባቸው ግን አያምንም። ለማንኛውም ብለው አንድ ጭብጥ የዱቄት ሳሙና ይጨምራሉ። በዚያ ላይ የልብስ ማለስለሻ ያፈሱበታል። ሳሙናው ተለቅልቆ ሳይወጣ ማለስለሻ እየተደረበበት፣ ዝናቡ አላወጣ ሲል ውሃ ማሞቂያው ቦይለር ክፍል ውስጥ እየተሰቀለ፣ ሳይደርቅ እየታጠፈ፣ ፎጣው እንደ ላስቲክ ውሃ አልቀበል አለ። ቀስ በቀስም የሻገተ ነገር ሽታ አመጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእማማ ደግሞ አፍንጫውም ባዳ ሆነ።

ማን ይንገራቸው? የተናገረ በር አዘጋ። ስለዚህ ደንበኛው ሁሉ የራሱን ፎጣ እየደበቀ ይመጣ ጀመር። ሾፌሩ ጃኬቱ ውስጥ፣ ዳቦ ጋጋሪው ባዶ የዱቄት ከረጢት ውስጥ። ከእማማ የተቀበሉትን ፎጣ ደግሞ እንደ ደረቀ መመለስ ነውር ሆነባቸው። «ምን ይላሉ ሴትዮዋ?» ይሉና ከቧንቧው ሥር ይዘው ያርሱታል፣ ጨመቅ አድርገው ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። ያ ሁሉ በከንቱ የራሰ ፎጣ ተደራርቦ ይውልና ሽታው ይብሳል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ እነዚህ ሰዎች በአክብሮት ብዛት ቤቱን ሊያዘጉት ነበር።

በዚህ መሐል ቦይለሩን የሚጠብቀው የእማማ ልጅ አገባ። ሙሽራዋ ያየችውን ሳትናገር የማታድር ልጅ ናት። ሥራ ሲከፋፈሉ የፎጣው ቅርጫት ለእሷ ደረሰ። ስታየው ነገሩ ግራ ነው። ፎጣው ረጥቧል፣ ግን አንድ ፀጉር የለበትም። ጫፉ ርሶ መሐሉ እንደ ታጠፈ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዱ ክፍል በሩ ገርበብ ብሎ አየች። ሾፌሩ ልብሱን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ፎጣ ቧንቧ ሥር ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እ… እያጠብኩላችሁ ነዋ!»

«ከጃኬትዎ ሥር የተንጠለጠለውስ? ጅራት አበቀሉ እንዴ?»

ሾፌሩ የራሱን ፎጣ ጫፍ ወደ ውስጥ ጎተተና እጅ ሰጠ። ሁሉንም ነገራት። «በሞቴ ልጄ፣ ዝም በይ። ካወቁ ይዘጉታል። እኔስ የት ልታጠብ? የቤቴ ቧንቧ እንደሆነ እንደ ስስታም ሰው ጠብ እያደረገ ነው የሚሰጠኝ።»

ቀጥ ብላ ባሏ ዘንድ ሄደች። «አንተ ይህን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እና ዝም?»

«እናቴ ናት እኮ!»

«እናትህ ስለሆኑ አይደል እንዴ መንገር ያለብህ?»

«አንቺ ገና አታውቂያትም። ዘጋሁ ካለች ዘጋሁ ነው። ከነቦይለሬ ጎዳና ልወጣልሽ ነው?»

«ቦይለሩን ከያዝክ ግድ የለም፣ እናቴ ቤት ያስገቡሃል። ሙቅ ውሃ የላቸውም።»

ቀለደች እንጂ ፈርታለች። ገና ትናንት የገባችበት ቤት በእሷ አፍ ሊዘጋ ነው። «አምላኬ፣ አንደበቴን አንተ ምራው» አለችና ፎጣ አንሥታ ታጠበች። በቤቱ ፎጣ ገላዋን አበሰች፣ ደግማ አበሰች፤ ከዚያ ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ አማቷ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ አልደረቅኩም።»

«ደህና አድርገሽ ተጠረጊያ ልጄ።»

«ፎጣው ውሃውን ከዚህ ወደዚያ አዞረው እንጂ አልጠጣልኝም። ደግሞም ይሸታል።»

የእማማ እጅ የሚያጥፉት ፎጣ ላይ ቀረ። «ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። ታብሼበት ነው የምናገረው። ሌላ ሰው እንዳይወቅሱ።»

«ምን ብዬ እንደማልኩ ነግረውሻል?»

«ነግረውኛል።»

 እማማ ፎጣውን አስቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዴት እንዴት ነው የሚሸተው?» አሉ።

ሙሽራዋ ያን ጊዜ ገባት። «ውይ እማማ! ለእርስዎ አይሸትዎትም?»

«ከጉንፋኑ ወዲህ ጽጌረዳውም ጎማውም ለእኔ አንድ ነው። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስል…» እንባቸው መጣ። ሙሽራዋ እቅፍ አደረገቻቸው።

«ኧረ አራስሽኝ!»

«ምን ላድርግ እማማ፣ ፎጣዎ እኮ ነው!»

እያለቀሱ ሳቁ። ቃል ግን ቃል ነው። እማማ ተነሥተው ወጡና በሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉ፤ ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ከተቱ።

ወሬው ካውቶቡስ ፈጠነ። ሾፌሩ መጣ፣ ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ ከረጢቱን አንጠልጥሎ መጣ፣ ጎማ ጠጋኙም መዶሻውን እንደያዘ መጣ። «አለቀልን» አለ ሾፌሩ፣ ሙሽራዋን በዓይኑ እየወቀሰ።

እማማ ደረጃው ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ሁሉም የሆነ ነገር ሸጉጠዋል። «እስቲ ያንን ከረጢት ፍታው» አሉት ዳቦ ጋጋሪውን። ፈታው፤ ፎጣ። «ያንተንስ ጃኬት?» ፎጣ። ጎማ ጠጋኙ ሳይጠየቅ ከሱሪው ውስጥ ጎትቶ አወጣ።

«የእኔንስ ፎጣ ምን ታደርጉት ነበር?»

 ሾፌሩ መሬት መሬት እያየ፣ «እናርሰው ነበር» አለ።

«ታርሱት?»

«እንዳይከፋዎት ብለን።»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሏቸው ሊያጽናኑ ሲጠጉ፣ ለካ ሳቅ ነው፤ እየሳቁ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«እዘጋለሁ ብዬ ነበር፣ ዘጋሁ። እግዜርም አየ፣ እናንተም አያችሁ። ዳግመኛ አልከፍትም ብዬ ግን አልማልኩም። በሉ አሁን እጅጌያችሁን ሰብስቡ!»

ልጃቸው ቦይለሩን እስከ መጨረሻው አጋለው። ፎጣዎቹን ያለ ሳሙና ትኩስ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፏቸው፤ ሳፋው በአረፋ ተሞላ።

«ሳሙና ሳይገባ አረፋው ከየት መጣ?» አለ ጎማ ጠጋኙ።

«ከጉንፋኔ» አሉ እማማ።

ያንን ደፍተው፣ ሌላ ሙቅ ውሃ አድርገው አቼቶ ጨመሩበት። ዳቦ ጋጋሪው እንደ ሊጥ ያሸዋል፣ ሾፌሩ እንደ መሪ ይጠመዝዛል። ውሃው ጥርት እስኪል አለቀለቁት። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው ጧ! ጧ! ሲያደርጉት የተኛው የፎጣ ክር ሁሉ ቆመ። ፈጣሪም ያን ዕለት ፀሐዩንም ነፋሱንም አልነፈጋቸው። ከዳቦ ቤቱ እስከ ጎማ ቤቱ ገመድ ተወጠረ፤ መንገደኛው ጎንበስ እያለ አለፈ። እማማ እየዞሩ የያንዳንዱን ፎጣ ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። «ጠርዙ ሳይደርቅ የሚያጥፍ ሰው እንዳላይ! እጄ እንደሆነ አልደነዘዘም።»

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ ሁሉንም ቀድሞ ገባ፤ ወዲያው ውሃው ሲወርድና ሲያንጎራጉር ተሰማ። እማማ አንዱን ፎጣ አንሥተው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት፤ ሳይደርስ እጃቸው ቆመ። ዞረው ለሙሽራዋ ሰጧት።

«ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ አፍንጫ አንቺ ነሽ። ምን ይላል?»

ሙሽራዋ ፊቷን ፎጣው ውስጥ ደፍታ ቀረች።

«አንቺ! ተኛሽ እንዴ?»

«ምንም አይሸትም እማማ» አለች ከፎጣው ውስጥ። «ፀሐይ ፀሐይ ብቻ ይላል።»

ከውስጥ ሾፌሩ ጮኸ። «ኧረ የፎጣ ያለህ! የራሴን እኮ ውጭ ትቼው ገባሁ!»

«ታገሥ አንተ!» አሉ እማማ። «ሙሽራዬ አሽታ አልጨረሰችም!»