ከገጨሽ አትቁሚ

ባለተሳቢው የሰው አገር በገባ በማግሥቱ የጠላው ዝምታውን ነው። መንገዱ ከጠዋት እስከ ማታ በመኪና ተጨናንቆ ይውላል፤ አንዲት ክላክስ ግን ጢጥ አትልም። መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና ወደ ሚስቱ ዞሮ፣

«ይሄ ሕዝብ ተኳርፏል» አላት።

«በምን አወቅህ?»

«የማይነጋገር ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲጎትት የኖረ ሰው ነው፤ አገር ምድሩ እውነተኛ ስሙን ረስቶ ባለተሳቢው የሚለውም ለዚህ ነው። እሱ በነዳበት መንገድ ላይ ክላክስ ምላስ ናት። አጭር ከሆነች ሰላምታ፣ ደገም ካደረጓት ምስጋና፣ ሳብ ካደረጓት «መጣሁልህ፣ ዳር ያዝ»፣ እጅ ካላነሱላት ደግሞ የእናት ስድብ። ብስክሌተኛን ከኋላው ደርሰው ምንም ሳይሉት ማለፍ እዚያ ነውር ነው፤ ሰውየውን ከሰው አለመቁጠር ነው።

ሴት ልጁ በዚያ ከተማ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበትና የሚተኮስበት ቤት ትሠራለች። እናትና አባቷን ያስመጣቻቸው ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ መኪና ተከራይታ አገሩን ልታሳያቸው ነው። መሪ ስትይዝ ያየ ጊዜ ባለተሳቢው ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታው ግን የመጀመሪያው ዜብራ ድረስ ብቻ ነው የዘለቀው። እግረኛ ገና ለመሻገር ሲያስብ ልጅቷ ፍሬን ትይዛለች።

«ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይርስ?» ይላታል።

«ይቀይራላ። እንጠብቀዋለን።»

አንድ ቀን መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ሲላተሙ አየ። ድብድቡ እንዳያመልጠው መስታወቱን አወረደ። ሹፌሮቹ ወረዱ፣ ተጠጋጉ፣ አሁን ኮሌታ ሊያያዙ ነው ሲል ወረቀት ተለዋወጡና ተጨባብጠው ተለያዩ። የእሱ የፊት ጥርስ የወለቀው ለአንድ የተቧጨረ የመኪና ፓራውልት ሲባል ነው፤ አብሮት የተደባደበው ሰውዬም አፍንጫው እስከ ዛሬ ወደ ግራ ያያል።

«ደም የላቸውም» ብሎ መስታወቱን ዘጋ።

መኪናዋን ገና ሲረከቡ መጀመሪያ የፈተሸው ሞተሯን አልነበረም። የኋላውን ክዳን ከፍቶ፣ ምንጣፉን ገልቦ፣ ክሪኩን ትቶ የጎማ መፍቻውን አነሳና ጋቢና ከሚቀመጥበት ወንበር ሥር ሸጎጠው።

«ለምንህ ነው፣ አባዬ?»

«ለጎማ።»

«ጎማው ወንበር ሥር ነው እንዴ?»

«ተይው፣ ልጄ» አለች እናቷ ከኋላ። «አባትሽ ብረት ካልታቀፈ እንቅልፍ አይወስደውም።»

እናትየዋ ምክንያቱን ታውቃለች። ልጅቷም ከልጅነቷ ጀምሮ እስኪሰለቻት ሰምታዋለች። ባለተሳቢው ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስያዘው፣ ማርሽ ያስለመደው እሱ ነው። ወንድሙ መንጃ ፈቃድ ባወጣበት ዓመት፣ አንድ መንደር ጥግ፣ ጄሪካን የተሸከመች ሴት ከመኪናው ፊት ገባችበትና ገጫት። ቆመ። ወርዶ ሴትየዋን አቀፋትና የሰው ያለህ ብሎ ጮኸ። ሰው መጣ። በዱላና በድንጋይ መጣ፤ አንዱም የወንድሙን የገዛ መኪና ክሪክ ከኋላ አውጥቶ መጣ። ባለተሳቢው ከኋላ ጭነት ይዞ ሲደርስ ከጄሪካኑ የፈሰሰው ውሃ አስፋልቱ ላይ ገና አልደረቀም ነበር። ወንድሙን የለየው በሸሚዙ ነው። ፊት የሚባል አልተረፈለትም።

ሴትየዋ ግን ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ለልጁ አንድ ሕግ አወጣላት። «ከገጨሽ አትቁሚ። በርሽን ቆልፊ፣ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ግቢና እጅሽን ስጪ። ከእስር ቤት ሰው ይወጣል፤ ከመቃብር ሲወጣ ያየሁት የለም።» እሱ በኖረበት መንገድ ይህ የእብድ ምክር አይደለም፤ ብዙ ሹፌር አትርፏል።

አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም። ያቺ ሴት ዳሌዋ ከጠገነላት በኋላ በምርኩዝ እያነከሰች መጥታ የነገረችውን። «እየመቱት እንኳን ክፉ አልወጣውም» ነበር ያለችው። «ምን አደረግኳችሁ? ብቻ ነው የሚለው። ምን አደረግኳችሁ? አንድ የመለሰለት የለም።» ባለተሳቢው በዚያ መንደር ባለፈ ቁጥር መኪናውን ያቀዘቅዝና በየደጁ የተቀመጠውን ወንድ ፊት ያያል። ያንን ጥያቄ ሰምቶ መልስ ያጣ ሰው ምን ዓይነት ፊት ይኖረው ይሆን እያለ ስንት ዓመት ፈልጓል።

ነገሩ የሆነው ልጅቷ ሐይቅ ልታሳያቸው ስትወስዳቸው ነው። መንገዱ በመኖሪያ ቤቶች መሐል ያልፋል፣ ጠባብ ነው። ከፊታቸው አንዲት ሽበታም ሴትዮ በብስክሌት፣ ከኋላዋ ሽንኩርት የሞላው ቅርጫት አስራ፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ልጅቷ በእሷ ፍጥነት ተከተለቻት። ባለተሳቢው ተቁነጠነጠ።

«ቀብር ነው እንዴ የምንሸኘው?»

«መንገዱ እስኪሰፋ ነው።»

«ክላክሷን ንኪላት እንጂ፤ ዳር ትይዛለች።»

«እዚህ አይነካም፣ አባዬ። ስድብ ነው የሚሆነው። ትደነግጣለች።»

«ሰው በሰላምታ ይደነግጣል?»

መንገዱ ሰፋ። ልጅቷ ፍሬቻ አብርታ፣ ራቅ ብላ ማለፍ ጀመረች። ሊያልፏት ሲሉ ባለተሳቢው በቅን ልቡና፣ እናት የምታህል ሴት እንደ ግዑዝ ዝም ተብላ አትታለፍም ብሎ፣ እጁን ሰደደና ክላክሷን በመዳፉ ተጫናት። ሳብ አደረጋት። መጣንልሽ፣ እናቴ ማለቱ ነው።

ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከጆሮዋ ሥር እንዲህ ተጮሆባት አያውቅም። አንገቷ ወደ ድምፁ ዞረ፤ እጀታውም ከአንገቷ ጋር ዞረ። ብስክሌቱ መኪናው ሥር ገባ። ሴትዮዋ ኮፈኑ ላይ ወጣች፣ በትከሻዋ መስታወቱን ሰነጠቀችው፣ ተንከባልላ አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠች። እግሯ መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ከጭኗ ደም ይተኮሳል። ሽንኩርቱ መንገዱን ሞላው።

ልጅቷ ፍሬን ይዛ ቆመች።

«ንጂ» አላት።

«አባዬ...»

«ንጂ ነው የምልሽ። ጣቢያ ግቢ። አትውረጂ።»

በሩን ከፈተች። ፀጉሯን ጨምድዶ ወደ ውስጥ ጎተታት። ስትታገለው በጥፊ አጮላት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ከተወለደች ጀምሮ እጁን አንስቶባት የማያውቅ አባት ነው። እናትየዋ ከኋላ አንገቱን አነቀችው። «ልጄን ልቀቃት። አበድክ እንዴ፣ ልቀቃት» እያለች ፊቱን ቧጠጠችው። ልጅቷ እጁን ነከሰችው፣ ሥጋው እስኪቀደድ ነከሰችውና ወጥታ ወደ ሴትዮዋ ሮጠች።

ይህን ጊዜ ነው ያያቸው። ከመንገዱ ማዶ ቤት የሚቀቡ ሦስት ሰዎች ከመሰላላቸው ዘለው ይሮጣሉ። አይጮኹም፤ ዝም ብለው ነው የሚሮጡት። ከፊት ያለው ግዙፍ ጎረምሳ እጁ ላይ ቀይ ነገር ይዟል። ወደ ልጁ ነው የሚመጣው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ሰው ወደ ገጨ መኪና ሲሮጥ ለምን እንደሚሮጥ ባለተሳቢው ያውቃል። ወንድሙን ቀብሯል፤ ልጁን አይቀብርም። መፍቻውን ከወንበሩ ሥር መዥርጦ ወረደ።

ጎረምሳው ቀለም ቀቢ አላየውም እንኳ። ዓይኑ ያለው መሬት ላይ ከተዘረረችው ሴትዮ ነው። ባለተሳቢው በሙሉ ጉልበቱ ሰነዘረ። ብረቱ ክንዱ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ቀው ብሎ ሲሰበር ተሰማ። ቀዩ ነገር ወደቀና ተከፈተ። ሳጥን ነው። ነጭ ፋሻ እየተተረተረ በሽንኩርቱ መሐል ተንከባለለ። ባለተሳቢው ፋሻውን አየው፤ በደንብ አየው። እጁ ግን ቀድሞ ተነሥቷል። ሁለተኛው ምት ከጆሮው በላይ አረፈ፣ ሰውየውም በጉልበቱ ወደቀ።

ሦስተኛውን አላስጨረሱትም። አንዱ ከኋላ ወገቡን ጨመቀው፣ ሌላው እጁን ጠምዝዞ መፍቻውን ነጠቀው። በደረቱ መሬት ላይ ጣሉትና አንዱ በጉልበቱ ጀርባውን ተጫነው። ባለተሳቢው ዓይኑን ጨፈነ። ከየቤቱ በር ሲከፈት፣ ሰው ሲሮጥ ይሰማዋል። አሁን ድንጋዩ ይመጣል አለ። አንገቱን ቀብሮ ጠበቀ።

የመታው የለም።

«ምቱኝ እንጂ» አለ በቋንቋው። «ምን ትጠብቃላችሁ? ምቱኝ።»

አንዱ ጎንበስ ብሎ ቀለም የነካው ጨርቅ አጣጠፈና አስፋልቱ ፊቱን እንዳይልጠው ከጉንጩ ሥር ሸጎጠለት። ባለተሳቢው ይህን ጊዜ አለቀሰ። በጡጫ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ከተጣለበት ሆኖ ልጁ ትታየዋለች። ከከንፈሯ ደም እየወረደ፣ በሁለት እጇ የሴትዮዋን ጭን ተጭናለች። ቀለም ቀቢው አጠገቧ ተንበርክኳል፤ አንድ ክንዱ ተንጠልጥሏል፣ ጆሮው ደም ሞልቷል፣ በደህናው እጁ የት እንደምትጫን ያሳያታል። «እዚህ» የሚል ይመስላል። «ጠበቅ አድርጊ።» እናትየዋ ፋሻውን ከመንገድ እየለቀመች ታቀብላለች። የሚተኮሰው ደም ቀነሰ፣ ቀነሰና መንጠብጠብ ሆነ።

አምቡላንስም ፖሊስም መጣ። ሴትዮዋን ዓይኗን እንደገለጠች ወሰዷት። ባለተሳቢውን አንሥተው ካቴና አስገቡለት። ቀለም ቀቢው በቃሬዛ ሲያልፍ ተሸካሚዎቹን አስቆማቸውና ቀና ብሎ አየው። የተቆጣ አይመስልም። ዝግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለ ባለተሳቢው።

ልጁ የከንፈሯን ደም በትከሻዋ ጠረገች። እጇ እስከ ክርኗ ደም ነው።

«ልጄ፣ ምን አለ?»

«ምን አደረግኩህ? ነው የሚልህ።»

ባለተሳቢው አፉን ከፈተ። በፖሊሱ መኪና መስታወት ውስጥ የገዛ ፊቱን አየው። ጥርስ የጎደለው፣ የተቧጨረ፣ መልስ ያጣ ፊት ነው። ስንት ዓመት በዚያ መንደር በየደጁ የፈለገው እሱን ነበር።

«ምን ልበለው፣ አባዬ?» አለች ልጁ። «እየጠበቀ ነው።»

ተሸካሚዎቹም ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ሰውየውን ይዘውት ሄዱ።