የማዶ ዝናብ

በዚያ ዓመት ሐምሌ ተጋምሶም አዳማ ገና በአቧራ ነበረች። ባቡሩ ጣቢያ ገብቶ ሲቆም የሚያስነሣው አዋራ ገበያው ድረስ ይዘልቃል። ገበሬው ማሳውን አርሶ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

ከወሎ መጥቶ አዳማ ለከተመው ጨው ነጋዴ ለጂብሪል ግን ድርቁ ተመቸው። ሌላ ጊዜ በክረምት አዋሽን ተሻግሮ አርሲ መውጣት የማይታሰብ ነው። "ዘንድሮ ወንዙ ከጉልበት አያልፍም፤ ደርሼ እመለሳለሁ" አላት ሚስቱን ዘሃራን፤ አህዮቹን ጭኖም ሄደ።

ብዙ ሳይቆይ ከመልካው፣ ከወንዙ መሻገሪያ በኩል የመጡ ገበያተኞች አዋሽ ሞላ የሚል ወሬ ይዘው መጡ። ዘሃራ አላመነችም።

"ጠብ ሳይል ወንዝ በምን ይሞላል?" ብላ ጎረቤቷን ኦቦ ኢተፋን ጠየቀቻቸው። ዕድሜያቸውን አዋሽ ዳር ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ አዋሽ የእኛን ዝናብ አይጠብቅም" አሏት። "ከላይ በቾ ሲዘንብ እኛ ጋ ይሞላል። ድሮ እዚያ ሲጥል እዚህም ይጥል ስለነበር ሰው ይጠነቀቃል። አሁን ግን እዚያ ጎርፍ፣ እዚህ አቧራ። ክረምቱን ምን እንደነካው እንጃ።"

ዘሃራ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሥራ ወጣች። ኢተፋም ብቻዋን አልለቀቋትም፤ በትራቸውን ይዘው ተከተሏት።

መልካው ሲደርሱ ውሃው ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ያገሳል። ዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት አህያ ሞታ ተጋድማለች። ዘሃራ ቀርባ አየቻት። ጂብሪል "እሜቴ" እያለ የሚያቆላምጣት፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠው አህያ ናት። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ዕንባ እንኳ አልመጣላትም። ኢተፋ አጠገቧ ቆሙ።

"ዘሃራ! ዘሃራ!"

ድምፁ ከማዶ ነው። ጂብሪል ጋቢውን እያውለበለበ ቆሟል።

"በሕይወት አሉ?" ብላ ጮኸች፣ በዓይኗ እያየችው።

"አለሁ! አርሲ በረዶ በረዶ ሆኗል! በጨው የለወጥኩትን ገብስ ወንዝ በላው፣ እሜቴም ሄደች!"

"ይሂድ! ሁሉም ይሂድ! እርስዎ ብቻ ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ!"

ኢተፋ ፊታቸውን አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዘሃራ ከኢተፋ ጋር መልካው አጠገብ በምትኖረው በእህታቸው በደራርቱ ቤት ሰነበተች። በየጠዋቱ ወንዙ ዳር ወርዳ ከባሏ ጋር እየተጯጯኹ ያወራሉ፤ ምን በሉ፣ ምን ለበስሽ፣ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ውሃ ሊቀዱ የሚወርዱት ሴቶች ይስቁባታል። እሷም ትስቃለች።

ውሃው ሲጎድል ጂብሪል የአህያ ጅራት ይዞ ተሻገረ። ዘሃራ እስከ ወገቧ ገብታ ተቀበለችውና እጁን ይዛ አወጣችው። ወደ አዳማ ሲመለሱ መንገድ ላይ ከጀርባቸው ነጎድጓድ ተሰማ፤ ወዲያው ትልልቅ ጠብታ አቧራውን እየቀዳደደ ወረደ። ኢተፋ በትራቸውን ለጂብሪል አስይዘው፣ ለመዝራት ዘር ከጎተራ ሊያወጡ በዚያ ዕድሜያቸው ሩጫቸውን ነኩት። ባልና ሚስቱ ግን አልተቻኮሉም፤ እየበሰበሱ፣ ቀስ ብለው ቤታቸው ገቡ።